የኮልፌው አልማዝና እትዬ ደብሪቱ

እትዬ ደብሪቱ የተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የወንድማቸው ልጅ ነበር። ጽሑፉ አንድ ገጽ አይሞላም። ቡልጋ እንደተወለዱ፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ እንደመጡ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማሩ፣ «በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በልዩ ልዩ ሥራ እንዳገለገሉ»፣ ሰው አክባሪና ጸሎተኛ እንደነበሩ ተነበበ። ከዚያ አፈር ለበሱ። እኛም ወደ ድንኳኑ ተመልሰን ንፍሮ ዘገንን።

«በልዩ ልዩ ሥራ» የምትለው ቃል ግን አልዋጥ አለችኝ። እኚህ ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠሩት አንድ ሥራ ነው። ድንጋይን ከፀጉር አሳስተው መስታወት ላይ ይለጥፉ ነበር። በዚያው ሥራ የተነሳም አንድ እሑድ ጠዋት ኮልፌ ውስጥ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን በተቀመጥንበት ቀን ብቻቸውን ቆመዋል። ሰው አክባሪ ነበሩ መባሉም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ሥልጣኑን ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ሲያከብሩ አላየሁም። የወንድማቸው ልጅ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም፤ አልፈርድበትም። የነበርኩት እኔ ነኝና እኔ ልጻፈው።

ስንተዋወቅ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ድንጋይና አፈር በሚመረመርበት የመንግሥት ላቦራቶሪ የናሙና መዝገብ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከየክፍለ ሀገሩ በከረጢት ለሚመጣው ድንጋይ ቁጥር እሰጣለሁ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲጠየቅ አወጣዋለሁ። ስለ ድንጋይ የማውቀው ከባድ መሆኑን ብቻ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ከእኔ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ይሠራሉ። ያኔ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የሚውሉ ሴት ነበሩ። ድንጋዩን በመጋዝ ይቆርጡታል፤ ቁራጩን መስታወት ላይ ይለጥፉታል፤ ከዚያ ካርቦረንደም በሚባል ጥቁር ዱቄትና በውሃ ይፈጩታል። ጥቁሩና ደንዳናው ድንጋይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ብርሃን ያሳልፋል። ያን ጊዜ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባና ጂኦሎጂስቶቹ በውስጡ ምን ምን ማዕድን እንዳለ ያነቡታል።

መጨረሻውን በማሽን አይሠሩትም ነበር። ወፍራም መስታወት ላይ ዱቄቱን በትነው፣ ድንጋዩን በሦስት ጣት ይዘው፣ ክብ እየሠሩ በእጃቸው ይፈጩታል። ከዓመታት ብዛት የጣቶቻቸው ጫፍ ተፍቆ አሻራ የሚባል አልቀረባቸውም። ቀበሌ መታወቂያ ሲያወጡ ቀለሙን ነክተው ቢጫኑ ወረቀቱ ላይ የወጣው ለስላሳ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበር። ጸሐፊው ሦስት ጊዜ አስጫናቸውና ተወው። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ሁለታችንም ኮልፌ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ነበር የምንኖረው። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ፣ ሳልፈልግ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ነበር። በዚያ ዘመን «አልፈልግም» የሚባል መልስ አይሰጥም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን እሳቸው ይሰጡ ነበር። ውጭ አገር ተምረው የመጡት ጂኦሎጂስቶች «እትዬ ደብሪቱ፣ ለዛሬ ከሰዓት ያድርሱልኝ» ሲሏቸው ማይክሮስኮፑን አየት ያደርጉና፣ «ኳርትዙ ገና ቢጫ ነው። ግራጫ ሲሆን ይመለሱ» ይላሉ። ኳርትዝ በልኩ ሲሳሳ በማይክሮስኮፑ ብርሃን ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ቢጫ ካሳየ ድንጋዩ ገና ወፍራም ነው። አንድ ቀን ምክትል ኃላፊው ራሱ መጥቶ ቆመባቸው።

«ሪፖርቱ ለበላይ አካል ነው የሚሄደው፤ እንዲሁ ይሁን» አላቸው።

«ወፍራም ድንጋይ ይዋሻል» አሉት፣ እጃቸውን ሳያቆሙ። «የኔ ስም ያለበት ድንጋይ ደግሞ አይዋሽም። ወንበር ያምጡልዎት?»

ሰውየው ወንበር አልፈለገም፤ ሄደ። ድንጋዩ በማግስቱ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ደረሰው።

እኔን ማስተማር የጀመሩት በምሳ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቀን ከምሳ ዕቃቸው ክዳን ላይ ጨው ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱና ማጉያ መነጽር ሰጡኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ጨው።»

«ጨው መሆኑንማ ሳታየውም ታውቃለህ። አሁን እየው።»

አየሁት። ጨው ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት ነገር ነው፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እያንዳንዷ ቅንጣት ሳጥን ናት። የተሰበረችውም፣ ደቃቋም፣ ሁሉም ባለ አራት ማዕዘን።

«ማን ጠረባቸው?» አልኳቸው።

«ማንም። ውስጣቸው የተደረደረው እንደዚያ ስለሆነ ነው። አሁን አንዷን በጥፍርህ ሰባብራት፤ ስትሰበርም ሳጥን ነው የምትሆነው።» ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ቁራጭ ሚካ አወጡና በምላጭ ጫፍ ይገልጡልኝ ጀመር። እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ይላጣል። «ይሄ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚላቀቀው። እያንዳንዱ ማዕድን የሚሰበርበት መንገድ አለው። ኳርትዝ የሚባለው ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለውም፤ ስትመታው እንደ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው። በምን እንደሚሰበር ያላወቅከውን ነገር አውቀዋለሁ አትበል።»

ስምንተኛ ክፍል ይህንን አላስተማራቸውም። ሥራውን ያሳያቸው፣ ከአብዮቱ በፊት የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ሰውየው አገሩ ሲመለስ ማጉያ መነጽሩንና አንድ ያረጀ መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየታገዙ አሥራ አንድ ዓመት አንብበውታል። ገጾቹ በድንጋይ ጭቃ ግራጫ ሆነዋል።

ማታ ማታ አንድ ላይ አውቶቡስ ይዘን እስከ አየር ጤና እንሄዳለን። መንገድ ላይ የቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ሽታ በመስኮት ሲገባ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፤ እሳቸው አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ከውጭ የሚመጣው ወፍራም መስታወት ከቀረ ወዲህ የመፍጫ መስታወታቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነበር። ቆሻሻ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ተዋውቀዋል፤ የተሰበረ የሱቅ መስታወት ሲገኝ ያስቀምጡላቸዋል። የመሥሪያ ቤቱ ግዥ ክፍል ይህን ሲሰማ «ያለ ደረሰኝ ዕቃ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ደብዳቤ ጻፈባቸው። ደብዳቤውን አነበቡና ድንጋይ ጠቀለሉበት።

በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ ነበረን። ካድሬው ያስተምራል፣ እኛ እንጠይቃለን፤ ጥያቄዎቹም አስቀድመው የታወቁ ናቸው። አንድ ቀን ካድሬው ትምህርቱን ከሥራችን ጋር ለማያያዝ ፈልጎ፣ «ጓድ ደብሪቱ፣ እስቲ በድንጋይ ውስጥ ያለውን አደረጃጀት ለጓዶች ያስረዱ» አላቸው። ተነሱ።

«ይሄ የመስኮት መስታወት እንደ ገበያ ነው» አሉ። «ውስጡ ያለው ሁሉ እንደደረሰ፣ እንደተገፋፋ ነው የቆመው። ኳርትዝ ደግሞ ሰልፍ ነው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ረድፉ አይዛነፍም። ክሪስታል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።»

ካድሬው ደስ አለው። «በጣም ጥሩ። ታዲያ ሰልፉን የሚመራው ማን ነው?»

«ማንም አይመራውም» አሉ። «እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን አይቶ ይቆማል። በቃ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳል መጣበት። ካድሬው የሆነ ነገር ጻፈና ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ። እትዬ ደብሪቱ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የተናገሩት የድንጋይ ነገር ነበር። ግን ወደ ቤት ስንሄድ በአውቶቡሱ ውስጥ ማንም አጠገባችን አልተቀመጠም።

ዋናው ነገር የመጣው በዓመቱ ነው።

አሁን ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ያኔ ሜዳና የድንጋይ ካባ ነበር። ከካባው ድንጋይ ከሚፈልጡት አንዱ ጋሽ ሹራሞ የሚባሉ የቀበሌያችን ሰው ናቸው። ከከምባታ መጥተው ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ዝምተኛ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሰው። አንድ ቀን በዶማ የመቱት ድንጋይ ለሁለት ሲከፈል ሆዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። በባዶው ውስጥ ዙሪያውን የሚያብረቀርቁ፣ እንደ ውሃ የጠሩ ጣት ጣት የሚያህሉ ድንጋዮች በቅለውበታል። ጋሽ ሹራሞ ሦስቱን ነቅለው በመሐረብ ቋጠሩና ለሚስታቸው ለዘነበች ወሰዱላት። ዘነበች ደስ ብሏት ለጎረቤት አሳየች። ጎረቤትም ለጎረቤት ነገረ።

ቅዳሜ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ቤታቸውን ፈተሹ። ድንጋዮቹን ከስኳር ጣሳ ውስጥ አገኟቸው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንዱን አንስቶ የቢሮውን የመስኮት መስታወት ጫረበት። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ተጫረ።

«አልማዝ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «መስታወት የሚቆርጥ አልማዝ ብቻ ነው።»

በዚያው ቀን ጋሽ ሹራሞ ታሰሩ። ክሱ የሕዝብ ሀብት መደበቅና የኢኮኖሚ አሻጥር ነበር። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ የአብዮት በዓል ስለቀረበ ከቀበሌ በላይ ላለው ለከፍተኛው «በቀበሌያችን አልማዝ ተገኝቷል» ብሎ ሪፖርት ላከ። ድፍረት አግኝቼ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ድንጋዩ ቢመረመርስ?» አልኩት።

«ከበዓሉ በኋላ ይመረመራል» አለኝ። «ሰውየው ግን የሰኞ ሳምንት ወደ ላይ ይተላለፋል።»

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለእትዬ ደብሪቱ ሁሉንም ነገርኳቸው። የድንጋዩን መልክ ጠየቁኝ።

«ስንት ጎን አለው?»

«ስድስት። ጫፉ ሹል ነው።»

«ጎኖቹ ላይ አግድም የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጭረት አለ?»

«አለ።»

መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላሉም። ሐሙስ ዘነበች ለባሏ ምግብ ይዛ ቀበሌው በር ላይ ቆማ ሳለች አጠገቧ አልፈው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ሰላም እንኳ አላሏትም። በልቤ አዘንኩባቸው። ለኃላፊ የማይበገሩት ሴት እዚህ ሲደርሱ ፈሩ አልኩ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ከፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ ሊቀመንበሩ፣ ከአጠገቡ ከከፍተኛው የመጡ አንድ ሽበታም ጓድ፣ ከጫፍ እኔ፣ መዝገቤንና እርሳሴን ይዤ። ሦስቱ ድንጋዮች በቀይ ጨርቅ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሹራሞ በሁለት ጠባቂዎች መሃል ቆመዋል፤ በስምንት ቀን ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። ሊቀመንበሩ ስለ አሻጥረኞች ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ፣ «አስተያየት ያለው?» አለ። ይህ የሚባለው ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ ነው።

ከኋላ በኩል እትዬ ደብሪቱ ተነሱ። ዘንቢል ይዘዋል። ማንንም ሳያስፈቅዱ በመቀመጫዎቹ መሃል አልፈው መጡና ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ወፍራም መስታወት፣ የቲማቲም ጣሳ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ አወጡ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የሥራ ዕቃዬ ነው። ይሄ ድንጋይ አልማዝ አይደለም፤ ኳርትዝ ነው። ላሳያችሁ ነው የመጣሁት።»

«መስታወት ቆርጧል። ሁላችንም አይተናል።»

«ኳርትዝም ይቆርጣል። ከመስታወት የሚጠነክር ነገር ሁሉ መስታወት ይጭራል። የዚህ አገር አሸዋም ይጭራል። አሸዋ ያለበት ሰው ሁሉ ሊታሰር ነው?»

ከኋላ የሆነ ሳቅ ተሰማና ወዲያው ጠፋ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። «ጓድ ደብሪቱ፣ አንቺ ድንጋይ ፈጪ ነሽ፤ ምሁር አይደለሽም።»

«አዎ፣ ፈጪ ነኝ። ስለዚህ ነው የማውቀው።» አንዱን ድንጋይ አነሱና ወደ ብርሃን ያዙት። «ስድስት ጎን አለው። አልማዝ በተፈጥሮው እንዲህ ያለ እርሳስ የሚመስል ባለ ስድስት ጎን ሆኖ አያድግም። ኳርትዝ ግን ትንሹም ትልቁም፣ ከሐረርም ይምጣ ከወለጋ፣ በጎኖቹ መሃል ያለው ማዕዘን አንድ ነው። ለማንም ብሎ አይለውጠውም።»

ከከፍተኛው የመጡት ሽበታም ጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «አልማዝ ራሱ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን ሰድደው እርሳሴን ከእጄ ላይ ወሰዱት። «ከዚህ ነው ጌታዬ። የእርሳስ ጥቁሩና አልማዝ አንድ ነገር ናቸው፤ ካርቦን። ልዩነታቸው ድርድሩ ነው። የእርሳሱ እንደ ሚካ ቅጠል በቅጠል ስለሆነ እየተላጠ ይጽፋል። የአልማዙ በሁሉም አቅጣጫ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። እኛ በእጃችን ይዘነው ከምናውቀው ነገር የሚፍቀው የለም።» እርሳሴን መለሱልኝ። «ይሄ ጥቁር ዱቄት ካርቦረንደም ነው። ኳርትዝን ይፈጫል። አልማዝን አይነካም። የአንዱን ጫፍ ብቻ ልፍጭ።»

ሊቀመንበሩ ተነሳ። «የመንግሥት ንብረት ነው! ማን ፈቅዶልሽ ነው የምታበላሺው?»

«አልማዝ ከሆነ አይበላሽም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «ከተበላሸ ደግሞ አልማዝ አይደለም። በየትኛው ነው የምጠየቀው?»

ሽበታሙ ጓድ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «ትፍጨው» አሉት።

«አልማዝ ሆኖ ከተገኘ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ወደ ጋሽ ሹራሞ እያመለከቱ፣ «ከእሳቸው ጋር እገባለሁ።»

ዱቄቱን መስታወቱ ላይ በተኑ፤ ውሃ ጠብ ጠብ አደረጉበት። ድንጋዩን ጫፉን ወደ ታች አድርገው በሦስት ጣታቸው ያዙት። መፍጨት ጀመሩ። የዚያን ድምፅ በየቀኑ እሰማው ነበር፤ ያን ቀን ግን ሦስት መቶ ሰው አብሮኝ ሰማው። ሽርር፣ ሽርር፣ ክብ እየሠራ። ጋሽ ሹራሞ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዘነበች በመስኮት በኩል ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። የእትዬ ደብሪቱ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። እጃቸው ግን ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ ነበር፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ጥቁሩ ዱቄት ቀስ በቀስ እየነጣ አመድ የመሰለ ጭቃ ሆነ።

አቆሙ። ድንጋዩን በውሃ አጠቡና በነጠላቸው ጠርገው ለሽበታሙ ጓድ ሰጧቸው። ሹሉ ጫፍ ጠፍቷል። በቦታው ደብዘዝ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ተተክቷል፤ የተፋቀ ጥፍር ይመስላል። ጓዱ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሁለተኛውን ድንጋይ አንስተው አስተያዩት። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ሰውየውን ልቀቁት» አሉ። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

ያን ጊዜ የተሰማውን እልልታ ዛሬም እሰማዋለሁ። ዘነበች በመስኮት ልትገባ ምንም አልቀራትም። ሊቀመንበሩ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «የማዕድኑ ዓይነት አልተረጋገጠም ብለህ ጻፍ» አለኝ። እርሳሴ ቆመ። ሪፖርቱን አስቀድሞ ልኳል፤ የሚያወጣው ቀዳዳ ይህ ብቻ ነው። እትዬ ደብሪቱ ዕቃቸውን ወደ ዘንቢል እየመለሱ ሰምተዋል።

«ግርማ» አሉኝ፣ «ያየኸውን ጻፍ።»

ኳርትዝ ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ከጸሐፊነት ተነሳሁ፤ ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

እሳቸውን ማክሰኞ ጠዋት ከቤታቸው ወሰዷቸው። ምክንያቱ «ስብሰባ ማወክና የመንግሥት ንብረት ማበላሸት» ነበር። የቀበሌው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር አሥራ ሁለት ቀን አሰሯቸው። ምግብ ያመላለሰችላቸው ዘነበች ናት፤ ጋሽ ሹራሞ በር ድረስ ይሸኟትና እስክትመለስ ከግንቡ ሥር ይቆማሉ። እኔም አንድ ቀን አብሬ ሄጄ በር ላይ አገኘኋቸው። ጠባቂው፣ የሰፈር ልጅ፣ አጠገባችን ቆሟል።

«እትዬ፣ ይቅርታ ቢጠይቁ ይለቁዎታል ብለዋል» አልኳቸው። እውነት ነበር፤ ሊቀመንበሩ ልኮኝ ነው።

«ኳርትዝ ከሆነ ምን አበላሸሁ? አልማዝ ከሆነ እንዴት አበላሸሁት? ይህን ይመልስልኝና ይቅርታውን እጠይቃለሁ።» ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞሩ። «አንተም አስብበት።»

ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን «ሂጂ» ተባሉ።

በዚያ አላበቃም። ቀበሌው ለመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን መስታወትና ዱቄት ያለ ፈቃድ ይዘው መውጣታቸውም ተጨመረበት፤ መስታወቱ ከቆሼ የመጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አላውቀውም ያለው መስታወት መሆኑን ማንም አላነሳም። ሠራተኛው በሙሉ ለሂስና ግለ ሂስ ተሰበሰበ። ደንቡ የታወቀ ነው። ጥፋተኛው ይነሳል፣ ራሱን ይወቅሳል፣ አብዮቱ እንዲታገሰው ይጠይቃል፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ይወቅሱታል፤ ከዚያ ቅጣቱ ይቀልለታል። ካላደረገ ከሥራ ይባረራል። ምክትል ኃላፊው ጠዋት ክፍላቸው ድረስ ሄዶ፣ «እትዬ ደብሪቱ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል፤ እኔ ራሴ ጽፌልዎታለሁ» ብሎ ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር። ለክፉ አልነበረም፤ ሥራቸው ላይ እንዲቆዩለት ስለሚፈልግ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ስማቸው ተጠራ። ወረቀቱን አጥፈው በእጃቸው ይዘው ተነሱ። አልገለጡትም። በእስር ጊዜ ከስተዋል፤ ግን ቀጥ ብለው ነው የቆሙት።

«ጥፋት አለብኝ» አሉ።

ምክትል ኃላፊው እፎይ ሲል ሰማሁት። ካድሬው ብዕሩን አነሳ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያጎነብሱ ፈልጌም ነበር፤ ሥራቸውን እንዳያጡ። ግን ሲያጎነብሱ ማየት አልፈለግኩም።

«ሰኞ ዕለት ነው የሰማሁት» አሉ። «ስድስት ጎን አለው ሲባል፣ ጭረቱን ስሰማ፣ ኳርትዝ መሆኑን በዚያው ሰዓት አውቄያለሁ። ቤቴ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አምስት ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። ማክሰኞም አልሄድኩም። ሐሙስ ሚስቱን በር ላይ አይቼ አንገቴን አዙሬ አለፍኩ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ቀን ቀን እዚህ መጥቼ ድንጋይ እፈጫለሁ። እሑድ እስኪደርስ፣ ሰውየው ሊወሰድ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ፈርቼ ተቀምጫለሁ። እያወቅኩ አንድ ሳምንት አሳሰርኩት።»

ካድሬው ይጽፋል።

«ግለ ሂሴ ይሄ ነው» አሉ። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ በሰማሁበት ቀን እሄዳለሁ።»

ካድሬው የጻፈውን አየ፤ መልሶ እሳቸውን አየ። «ሌላስ?» አለ።

«ሌላ የለኝም።»

«ጓዶች፣ ሂስ ያለው?» ብሎ አዳራሹን ጠየቀ። ደንቡ እንደሚለው ይሄኔ እጆች መነሳት ነበረባቸው። ከፊት ያሉት ጂኦሎጂስቶች ጫማቸውን ያያሉ። ሾፌሮቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ካድሬው ምክትል ኃላፊውን ስሙን ጠርቶ፣ «ጓድ፣ እርስዎስ?» አለው። ሰውየው ግማሽ ተነሳ፤ አፉን ከፈተ፤ እትዬ ደብሪቱ እጅ ውስጥ ያለችውን የራሱን ጽሕፈት አየ።

«እኔም የለኝም» አለና ተቀመጠ።

አንድም እጅ አልተነሳም። በማግስቱ ጠዋት ከጠባቧ ክፍል ያው ድምፅ ተሰማኝ፤ ሽርር፣ ሽርር።